አርባ አንደኛው ችካል

ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በቀር ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ለሁሉም ሚሊሜትር ነው። ስሙ የወጣለት ገና በወጣትነቱ፣ ካርታ ላይ የተሠመረች አንዲት መስመር ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ግራ አዘነበለች ብሎ የሦስት ሳምንት ሥራ ቀዶ እንደገና የጀመረ ዕለት ነው። ባልደረቦቹ ያን ቀን ዓይንህን ለአፈር ብለውት ነበር፤ በኋላ ግን ስሙ ልክክ አለበትና በዚያው ቀረ። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ሚሊሜትር የተባለ ሰው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ መቶ አርባ ሜትር ሙሉ ተሳስቷል። ያውም በማን ላይ? በገዛ እኅቱ ላይ።

ጉዱ የፈላው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሚሊሜትር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ እግሩ አጭር በሆነው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ እንዳይወዛወዝ ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ካደረገለት ዓመታት አልፈዋል፤ ቀይሩልኝ ብሎ የጻፈው ማመልከቻም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ተላላኪዋ አንድ ክምር ፋይል ይዛ ገባችና «እነዚህ ሁሉ የእርስዎን ፊርማ የሚጠብቁ ናቸው፤ እስከ ሰኞ ይድረሱ ተብሏል» ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋቸው ወጣች። ከላይ በትልቁ «የችካል ማረጋገጫ ቅጽ» ይላል።

የጥብቅ ደኑ አዋጅ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። አዋጁ ሲወጣ እንደ ሚሊሜትር የተደሰተ ሰው አልነበረም። ያ ደን ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሲከለል ወሰኑን በእግሩ ከዞሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ክልሉ በካርታ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ በወንዙ ታችኛው በኩል የእንጨት መሰንጠቂያ የከፈተው ሰውዬ፣ ባለ መጋዙ የሚሉት፣ ዛፉን እያጋደመ በጭነት መኪና ሲያግዘው ኖሯል። ወንዙም ዓመት በዓመት እየቀጠነ ሄደ። ሚሊሜትር በየስብሰባው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኋል፤ ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ ሕግ ይረቀቅ ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም እሱም አባል ሆነና ሁለት አንቀጽ በእሱ ግፊት ገባ። አንደኛው፣ የደኑ ወሰን አዋጁ በጸናበት ቀን መሬት ላይ ቆመው የተገኙት ነጭ ችካሎች የሚያሳዩት ነው የሚል። «ካርታውማ ስንቴ ተቀድቶ ስንቴ ተበላሽቷል፤ መሬት ላይ የቆመውን እንመን» ብሎ የተከራከረው ራሱ ነው። ሁለተኛው፣ የወሰን ችካል ያነቃነቀ ሰው ያለ ገደብ ይታሰራል የሚል። ይህን ሲል ጠረጴዛ እስከ መደብደብ ደርሶ ነበር። በዓይነ ኅሊናው የታየው ባለ መጋዙ በካቴና ሲሄድ ነበር።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ስልሳ ችካል ተተክሎ ነበር፤ ቆመው የተገኙት ሃያ ሦስት ብቻ ናቸው። በባለ መጋዙ በኩል ከነበሩት አሥራ ሁለቱ አንዱም የለም፤ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ችካል የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም» ብሏል። ስለዚህ በእሱ በኩል ያለው ወሰን በፍርድ ቤት እስኪጣራ ባለበት ይቆይ ተብሏል። ስንት ዓመት እንደሚጣራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚሊሜትር እየተበሳጨ ገልጦ ገልጦ አርባ አንደኛው ላይ ደረሰ።

«ችካል ቁጥር አርባ አንድ። ቆሞ የተገኘ። ቀለሙ ነጭ። በሲሚንቶ የታሰረ። እጅግ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ። ከወሰኑ ውስጥ የሚገኝና የሚነሣ ንብረት፦ አንድ መኖሪያ ቤት፣ አንድ የላም በረት፣ ዘጠኝ የሎሚ ዛፍ። ነዋሪ፦ አንዲት አሮጊት።»

ሎሚዎቹ ላይ ሲደርስ መልሶ ከላይ አነበበው። በዚያ ወንዝ ዳር ዘጠኝ የሎሚ ዛፍ ያላት አሮጊት አንዲት ብቻ ናት፤ እኅቱ። እናታቸው ስትሞት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ እሱ ደግሞ አራት ዓመቱ። አዝላ አሳደገችው፤ ፊደል አስቆጠረችው፤ ስታገባም «ይሄ ልጅ ካልገባ እኔም አልገባም» ብላ ይዛው ገባች። የመጀመሪያዋን እርሳስ በባሏ ምላጭ ቀርጻ የሰጠችው እሷ ናት። ዛሬም ድረስ እትዬ እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ከዚያ ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ መጣበት። ዝናቡ፣ ወንዙ፣ ቀለሙ።

ያን ጊዜ የቅየሳ ቡድኑ ሦስት ሰው ነበር፦ አለቃቸው፣ ሜትር ጎታቹና ወጣቱ ሚሊሜትር። የሚሠሩበት ደንብ ቀላል ነው። ችካሉ በትክክለኛ ቦታው ከተተከለ ነጭ ይቀባል፤ አለቀ ማለት ነው። ረግረግ ወይም ገደል አላስቀርብ ብሎ ለጊዜው ሌላ ቦታ ከተተከለ ግን ቀይ ይቀባል፤ እንመለሳለን ማለት ነው። አርባ አንደኛው ችካል መተከል የነበረበት ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ሥር ነበር፤ ደኑ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እነሱ ሲደርሱ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ዝናቡም ጨርሶ አላቋረጠም። ሦስቱም እንደ በሰበሱ እትዬ ቤት ገቡ። ካልሲያቸውን እሳት ዳር ሰቅላ፣ ትኩስ ሾርባ አቅርባ «ዛሬ ያንን ወንዝ የሚሻገር ካለ እኔን ረግጦ ይሂድ» አለች። አለቃውም ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ለጊዜው እዚሁ ይተከል ተባለ።

የት ይተከል የሚለውን የመረጠው ግን ሚሊሜትር ነው። የወንዙ ዳር ጭቃ ነው፤ ችካል አይዝም። የእትዬ ግቢ በር ላይ መሬቱ ጠንካራ ነው፤ እሷም ታየዋለች። እዚያው ብረቱን መታው። ከዚያ የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ ሲከፍት ባዶ ሆኖ አገኘው፤ የመጨረሻውን ባለፈው ረግረግ ላይ ጨርሰውታል። ባዶውን ከሚቆም ብሎ ነጭ ቀባው። በመስክ ደብተሩም ላይ ነገሩን አንድ ሳያስቀር ጻፈ። ሲወጣም እኅቱን «እትዬ፣ ይቺን ችካል አደራ። ከብት እንዳይጥላት። ተመልሼ ወደ ቦታዋ እወስዳታለሁ» አላት።

አልተመለሰም። በሳምንቱ የፕሮጀክቱ ጊዜ አበቃ ተብሎ መኪናው ተወሰደ፤ አለቃቸው ወደ ሌላ አገር ክፍል ተዛወረ፤ ሚሊሜትርም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ከዚያም ረሳው። ይህን ማለባበስ አያስፈልግም፤ ረሳው። በየዓመቱ እትዬን ሊጠይቅ ሲሄድ ችካሉን ያየዋል፤ በጎኑ አልፎ ይገባል። እሷ ግን አደራዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። በመጀመሪያው ዓመት አንድ በሬ ታኮበት ቢያጎብጠው፣ ማድ ቤቷን የሚሠራላትን ግንበኛ ጠርታ አስቃንታ በሲሚንቶ አሳሰረችው። ዝናብ ባለፈ ቁጥር ነጭ ቀለም አስመጥታ ትቀባዋለች። እሱም የልብ ልብ እየሰጣት «በመስመሩ ሙሉ የአንቺን ችካል የሚያህል የለም እኮ!» ይላት ነበር። እሷም ደስ ይላታል። እንደ ሎሚ ዛፎቿ የእሷ ንብረት መስሎት ነበር የሚያየው፤ ችካልነቱ ከሐሳቡ ወጥቷል።

አሁን ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣ። ደብተሩ! ደብተሩ ካለ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። የምድር ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ዕቃ ቤቱ በእሱ ኃላፊነት ሥር ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በአቧራ ሲታጠብ ቆይቶ፣ ሽፋኑ የሻገተ፣ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ከአንድ ሣጥን ሥር አወጣ። ገጹን ገለጠ። የእርሳሱ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሚሊሜትር እንባው መጣ። በዚያ ዕድሜው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ጨዋ፣ ጠንቃቃ ሴት ናት። በሩን ሳያንኳኳ ሲገባ መነጽሯን ከፍ አደረገች።

«ጋሼ፣ ምን አገኙ? ፊትዎ እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም።»

«አንብቢው!» አላት፤ ደብተሩን ዘርግቶላት።

እሷም አነበበች። «ቁጥር አርባ አንድ፤ ጊዜያዊ። ትክክለኛው ቦታ ከወንዙ ማዶ፣ ከጠፍጣፋው ቋጥኝ ሥር፣ ከዚህ አንድ መቶ አርባ ሜትር። ወንዙ ሞልቷል። ቀይ ቀለም አልቋል።» ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አሳለፈች። «በእርሳስ ነው የተጻፈው።»

«የመስክ ደብተር በእርሳስ ነው የሚጻፈው እንጂ! እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ታጥቦ ይሄዳል፤ እርሳስ አይለቅም። ሥራውን ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው።»

«እኔ አምንዎታለሁ። ዳኛው ግን ዝናብ ላይ ቆሞ አያውቅም። እርሳስ ትናንትም ሊጻፍ ይችላል ነው የሚለው።» ደብተሩን ቀስ ብላ ወደ እሱ መለሰችው። «የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍስ ያለው ማን ጋ ነው?»

«እኔው ጋ።»

«ሴትዮዋስ ምንዎ ናት ጋሼ?»

ሚሊሜትር ደብተሩን ዘጋ። «ሴትዮዋ» አለች። እትዬን ሴትዮዋ ብሎ የጠራ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«እኅቴ ናት።»

«ከቡድኑ ሌላ ምስክር የሚሆን አለ? ዝምድና የሌለው?»

«አለቃችን ሞቷል። ሜትር ጎታቹ አገር ጥሎ ከሄደ ቆየ፤ ያለበትን የሚያውቅ የለም።»

የሕግ ባለሙያዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ከታች መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። «ይስሙኝ» አለችው። «እኔ ዛሬ፣ ወንድም በእርሳስ ጻፍኩት ባለው ነገር፣ የእኅቱን ችካል ካስነሣሁ፣ ነገ ጠዋት ባለ መጋዙ አሥራ ሁለት ደብተር ተሸክሞልኝ ይመጣል። ሁሉም በእርሳስ የተጻፉ፣ ሁሉም አቧራ የለበሱ። ምን ብዬ ልመልሰው?»

ክፋቱ ልክ መሆኗ ነው። እሱ ራሱ በእሷ ወንበር ቢቀመጥ ከዚህ የተለየ ቃል አይወጣውም ነበር። ተሳስታ ቢሆን ይጮህባት ነበር፤ ጉቦ ፈልጋ ቢሆን ይከሳት ነበር። ልክ የሆነን ሰው ምን ያደርጉታል?

«ቅጹ ላይ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው» ብላ ቀጠለች። «ችካሉ መጀመሪያ ከተተከለበት ቦታ ተነቃንቋል ወይስ አልተነቃነቀም?»

«አልተነቃነቀም፤ ነገር ግን...»

«ለነገር ግን የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ሚሊሜትር ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ አስቦት የማያውቀውን ነገር ነው ሊናገር የቃጣው። «ተነቃንቋል ብልስ?»

«ያኔ የዚያ በኩል ወሰን ይታገዳል፤ ቤቱንም ለጊዜው ማንም አይነካውም። ግን ማን አነቃነቀው ተብሎ ይጠየቃል። በደጇ የቆመ፣ ራሷ በሲሚንቶ ያሳሰረችው፣ ራሷ የምትቀባው ችካል ነው። የሚያስረውን አንቀጽ እንደሆነ...» አንገቷን ደፋች። «ያጠነከሩት እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«አልፈርምም ብልስ?»

«ሁለት የሠፈር ሰዎች ይፈርማሉ። ችካሉ ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያው ቦታ ንቅንቅ እንዳላለ የማያውቅ የለም።» መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። «በጣም አዝናለሁ። ከልቤ ነው።»

ረቡዕ ወደ በላይ ኃላፊው ገባ። ኃላፊው ጥሩ አድርጎ አዳመጠው፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ስልክ ሲጠራ አላነሣም። በመጨረሻ ግን «ወንድሜ፣ አዋጁን ለማስለወጥ የሚችለው ያወጣው አካል ነው፤ በዚያ ላይ ገና በሦስት ወሩ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሐሙስ ማመልከቻ ጻፈ። መዝገብ ቤት ወስዶ ሲሰጥ ደርሶናል የሚል ማኅተም መቱበትና፣ የወንበሩ ማመልከቻ ከገባበት ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ሄዶ ነቅሎ ቢጥለውስ ብሎም አሰበ፤ አልዋሽም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ነው ያደረው። ግን ነጥቡን በሳተላይት መለኪያ ወስደውታል፤ ብረቱ ቢነቀል ቁጥሩ አይነቀልም። በነቀለው ደግሞ የምትጠየቀው እሷው ናት። ባሰበው መንገድ ሁሉ መጨረሻው ላይ እትዬ ቆማ ያገኛታል።

ለእትዬ የተመደበላት ምትክ ከተማ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሄዶ አያት። ንጹሕ ናት፤ ቧንቧዋም ይሠራል። መስኮቷ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። ላም አይገባም የሚል ማስታወቂያ አልተለጠፈም እንጂ ያው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጹን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና አውቶቡስ ተሳፈረ። ከአስፋልቱ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ሲሄድ፣ እትዬ ከሩቅ ታየችው። የግቢዋ በር ላይ ወገቧን ይዛ አጎንብሳለች። በአንድ እጇ ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽ ይዛለች። ችካሉን እየቀባች ነበር።

«አንተ ልጅ! ሳትነግረኝ?» ብላ ቀና አለች። ከዚያ አገላብጣ ሳመችውና ቀለም የነካ እጇን ከልብሱ እያራቀች ሳቀች። «እንኳን ዛሬ መጣህ። ሰሞኑን የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች መጥተው ነበር። ፎቶ አነሡት! አንደኛው ‹እናቴ፣ በመስመሩ ሙሉ እንዲህ ያለ ችካል አላየንም› ቢለኝ፣ ወንድሜ አደራ ያለኝ ነው አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ። ተመልሰን እንመጣለን ስላሉ ለእንግዳ ይሁን ብዬ ደግሜ እየቀባሁት ነው።»

ሚሊሜትር የደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ወደ ቤት አስገብታ ሻይ አቀረበችለት። ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቷ ምራት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራችው። እሱ አዎ አዎ ይላል። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከግድግዳው ላይ የሟች ባሏ ፎቶ ያየዋል፤ እርሳሱ የተቀረጸበት ምላጭ ባለቤት።

«ምን ሆነሃል?» አለችው በመጨረሻ። «ፊትህ የሰው ፊት አልመሰለኝም። ታመሃል?»

ነገራት። የጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ። ቀጥሎ ወደ አዋጁ፣ ከአዋጁ ወደ ችካሉ፣ ከችካሉ ወደ ደብተሩ እየተንቀረፈፈ ደረሰ። እትዬ አላቋረጠችውም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠችው። ሲጨርስ ውጭ ላሟ እምቧ ትላለች።

«እመለሳለሁ ያልከኝ ለስንት ጊዜ ነበር?» አለችው።

«ለሳምንት ነበር።»

«ለሳምንት?» አለች። ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። «እኔማ እስክሞት መስሎኝ።»

«እትዬ...»

«ቆይ። ያኔ በሬው ያጎበጠው ጊዜ ዝም ብዬው ወድቆ ቢቀርስ ኖሮ?»

መዋሸት ፈለገ፤ አልቻለም። «ጠፍቶ ቢሆን ማንም አይነካሽም ነበር። ይጣራ ተብሎ ይቀር ነበር።»

«እንደ ባለ መጋዙ?»

«እንደ ባለ መጋዙ።»

እትዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እሱ ወለሉን እያየ፣ እንደ ልጅነቱ ድምፁ እየሰለለ ቀጠለ። «በየዓመቱ መጥቼ አየዋለሁ። ሃያ ስድስት ጊዜ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ይቺ ችካል ቦታዋ ማዶ ነው ብል ኖሮ... እኔ እኮ ነኝ ያፈረስኩብሽ። ሌላ ማንም አይደለም።»

አይደለም አላለችውም። እውነት ስለሆነ ምን ትላለች? እጇን ዘርግታ ጭንቅላቱን ብቻ ዳበስ አደረገችው፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው። አንጀቱን የበላው ይህ ነው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«አንድ መንገድ አለ» አላት። «ተነቃንቋል ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። ግን...»

«ማን አነቃነቀው ሊባል?»

የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አደረገው።

«እኔ?» አለች። አሁን ገና ቁጣዋ መጣ፤ ከመቀመጫዋም ብድግ አለች። «እኔ አደራ በላሁ ሊባል ነው? ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ? አምጣው ወረቀቱን!»

ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብላ፣ ለእሱ ፊደል ስታስቆጥር እንደምታደርገው በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል ጮክ ብላ አነበበችው። «ችካሉ... መጀመሪያ... ከተተከለበት ቦታ... ተነቃንቋል... ወይስ አልተነቃነቀም።» ቀና አለች። «አልተነቃነቀም። በል ጻፍ። አንዲት ጣት አልተነቃነቀም።»

«እትዬ፣ እሱን ከጻፍኩ እኮ...»

«ገብቶኛል። ገና አላረጀሁም። ባትጽፈው ሌሎቹ ይጽፉት የለም ወይ? እንግዲያው አደራውን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ መጠበቄንም አንተው ጻፍልኝ። የሠፈር ሰው አይጻፍልኝ።»

ወደ ግቢው በር ወጡ። ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ ከወንዙ ማዶ ጠፍጣፋው ቋጥኝ ከነድንጋይ ሽበቱ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ መቶ አርባ ሜትር። ሚሊሜትር ሳያስበው በዓይኑ ለካው። ወረቀቱን የሚያስደግፍበት ነገር ቢያጣ፣ ችካሉን ያቀፈው የሲሚንቶ ቁልል ላይ ዘረጋውና ከደረት ኪሱ መጻፊያ አወጣ። እርሳስ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከኪሱ ያልተለየው ያው እርሳስ ነው።

«በእርሳስ የተጻፈ አይቆጠርም አሉኝ አላልከኝም?» አለች እትዬ። ወደ ቤት ተመለሰች። ላሟ የምትወልድበትን ቀን የምትጽፍበት እስክሪብቶ ይዛ መጣችና ክዳኑን አውልቃ ሰጠችው።

አልተነቃነቀም ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ሲሚንቶው ሸካራ ስለነበረ ፊርማው የእሱን አይመስልም ነበር፤ ግን በቀለም ነው የተጻፈው፤ ማንም ትናንት የተጻፈ ነው አይልም።

«እስክሪብቶዬን መልስልኝ» አለችው። «ከነገ ጀምሮ የምወስደውንና የሚቀረውን ዕቃ ልጽፍበት ነው።»

ክዳኑን ገጥሞ መለሰላት። ያን ጊዜ ነው የእጅጌውን ጫፍ ያየችው፤ ነጭ ሆኗል። ከችካሉ ላይም ክንዱ ያረፈበት ቦታ ተፍቆ ብረቱ ይታያል።

«ዓይንህን የት ጥለኸው ነው? ገና አልደረቀም እኮ!» ብላ ተቆጣችው። እስክሪብቶዋን ከቀሚሷ ኪስ ከተተች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከችና፣ ብሩሹን ከቆርቆሮው አንሥታ የተፋቀውን ቦታ ደግማ ትቀባው ጀመር።